ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት መንደሩን ማዘጋጀት

የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ማን እንደሚጠግነውና በምን ገንዘብ እንደሚጠገን አስቀድሞ ስላልተወሰነ ነው። ቁፋሮው ከመጀመሩ ሦስት ወር ያህል ቀድማችሁ ተነሱ። በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ስብሰባ አትጥሩ፤ ሰው አይመጣም።

ቦታ ስትመርጡ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ለብቻቸው ጠይቁ፤ በወንዶች ፊት ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። የባለመሬቱን ስምምነት በጽሑፍ ያዙ። በቃል የተሰጠ መሬት ውኃው ሲወጣ ያጣላል።

ከዚያ 7 አባላት ያሉት የውኃ ኮሚቴ ይመረጥ፤ ቢያንስ 4ቱ ሴቶች ይሁኑ። ለጥገናው ገንዘብ የቁጠባ ሒሳብ በሦስት ፈራሚዎች ይከፈት። መዋጮው ከቁፋሮው በፊት ይጀመር፤ ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ክፈሉ ቢባል ማን ይሰማል? አሸዋ፣ ድንጋይና የአጥር እንጨት ከነዋሪው ይቅረብ።

ሁለት ሰዎች የፓምፑ ተከላ ላይ ቆመው የፓምፑን ማሸጊያ ጎማ መቀየር ይማሩ፤ መፍቻውም ከመንደሩ አይውጣ።