የእንጨት ሮለር ኮስተር ሞዴል ሳይፈርስ ሀዲዱን ወደ ብረት እንዴት እንቀይራለን

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር የሰራናት የእንጨት ሮለር ኮስተር ሞዴል አለችን፣ ሮለር ኮስተር ማለት መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ሰው ጭኖ ሀዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠው ባቡር ነው። ቁመቷ 60 ሳንቲም ነው፣ ሀዲዷ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 5 ሜትር ይሆናል፣ የምትሮጥባት ደሞ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች 15 ሚሊ የብረት ኳስ ናት። አራት ክረምት ካለፈባት በኋላ ሀዲዷ እየተጣመመ መጣና ኳሷ ሁለተኛውን ኮረብታ መውጣት አቅቷት ግማሽ መንገድ ላይ ወደኋላ መመለስ ጀመረች። ልጆቹ አፍርሰን እንደ አዲስ እንስራት አሉ፣ እኔ ግን እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱም የተበላሸው ሀዲዱ ነው እንጂ ቁመናው አይደለም፣ እግሮቹ እዚሁ ሰፈር አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከወጣ የሀበሻ ጥድ የተሰነጠቁ ናቸው፣ ዛሬም አፍንጫችሁን ብታስጠጉ ይሸታችኋል። እሱን እንጨት መጣል አንጀቴ እሺ አላለኝም።

እና በትልልቆቹ ላይ የሚሰራውን ነገር በትንሹ ሰራነው። አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ሮኪ ማውንቴን ኮንስትራክሽን የሚባል ካምፓኒ አለ፣ ያረጀ የእንጨት ሮለር ኮስተር ወስዶ የእንጨቱን ቁመና አብዛኛውን ትቶ ከላይ ያለውን ሀዲድ ብቻ በብረት የሚቀይር። መጀመሪያ የሰሩት ቴክሳስ ጃየንትን ነው፣ እሱ በ1990 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የእንጨት ነበር፣ በ2011 በብረት ሀዲድ ተመልሶ ተከፈተ። ከዛ ኦሃዮ ሲዳር ፖይንት የሚባል መዝናኛ ፓርክ ያለው ሚን ስትሪክ፣ የ1991 ነው፣ በ2018 ስቲል ቬንጀንስ ሆኖ ወጣ፣ ከፍታው 62 ሜትር አካባቢ፣ ፍጥነቱ በሰአት 119 ኪሎ ሜትር፣ የመጀመሪያው ቁልቁለት ደሞ ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ። ጃፓን ናጋሺማ ያለው የ1994ቱ ኋይት ሳይክሎንም በ2019 እንደዚሁ ተቀየረ።

ለምንድነው ሀዲዱ ብቻ የሚቀየረው? የእንጨት ሀዲድ ማለት ሳንቃ በሳንቃ ላይ እየተደረበ በምስማር የተመታ ነው፣ ጎማው የሚሄድበት ላይ ብቻ ስስ ጠፍጣፋ ብረት ይለጠፍበታል። ባቡሩ ቁልቁለቱ ግርጌ ሲደርስና ሲታጠፍ በጣም ነው የሚጫነው፣ እዛ ቦታ ላይ ምስማሩ ይላላል፣ ሳንቃው ይከፈታል፣ ዝናብ ይገባበታል፣ ከዛ ግልቢያው አጥንት የሚያንኳኳ ይሆናል፣ አናጢ በየጊዜው ሀዲዱ ላይ እየሄደ ሲጠግን ይኖራል። የነሱ ብረት ሀዲድ ግን ጠፍጣፋ ላሜራ በኮምፒውተር ልክ በቅርጹ ተቆርጦ አንድ ላይ የሚበየድ ነው። ብረቱን እየጠመዘዙ ማጠፍ ስለሌለ የድሮው የእንጨት ሀዲድ በህልሙ የማያየውን ቅርጽ ይሰጡታል፣ ሰው ቁልቁል ተዘቅዝቆ የሚያልፍበትን ጨምሮ።

እሺ ወደ ስራው። መጀመሪያ ብረት ለመግዛት ወደ መርካቶ አትሩጡ። እኔ እንደዛ ነበር ያሰብኩት፣ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው ያስቆሙኝ፣ እድሜያቸውን ሙሉ የአጣና ፖንቴ ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። መጥተው ሞዴሏን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጓትና "ልጄ፣ እግሮቹን ቱንቢ ጥለህባቸዋል?" አሉኝ።

"ኧረ አልጣልኩም ጋሼ፣ ሀዲዱን ነው የምቀይረው እኮ።"

"ሀዲዱን ምን ላይ ልታስቀምጠው ነው ታዲያ?"

መልስ አልነበረኝም። ቱንቢ፣ ያ ክብደት የታሰረበት የግንበኛ ክር፣ ጣልን። ከ34 እግሮች 11ዱ ዘመም ብለዋል፣ ሁለቱ ከስር በምስጥ ተበልተው መርፌ ሲወጋቸው እንደ ዳቦ ነው የሚገባው። ያንን ሳላይ ብረቱን ብጭንበት ኖሮ አዲሱም ሀዲድ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይጣመም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ስራችሁ ይሄ ይሁን፣ እግር በእግር ቁጥር ጻፉባቸው፣ በየቁጥሩ አናቱ ከጠረጴዛው ስንት ሳንቲም ከፍ እንደሚል፣ ወደየት ስንት ሚሊ እንዳዘመመ ደብተር ላይ አስፍሩ፣ በስልክ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ። አሰልቺ ነው፣ እኛ ሁለት ከሰአት ፈጀብን፣ ግን ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ደብተር ነው የሚወጣው። የበሰበሰውን እግር አንድ በአንድ ቀይሩ፣ አንዱ ኮላው ሳይደርቅ ሌላውን አትንኩ፣ ለኮላው አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። ሰያፎቹን ደሞ በደንብ እዩዋቸው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ የአጣና ፖንቴ ላይ ቋሚና አግዳሚ ብቻ ካለ ነፋስ ሲነካው ይወዛወዛል፣ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሰያፉ ነው። የኛ ላይ ሰባት ሰያፍ ተላቆ አገኘን፣ ሁሉንም መልሰን መታን፣ አራት ደሞ ጨመርን።

አሁን ሀዲዱን መንቀል። እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ፣ የኔ ትልቁ ስህተት የተፈጠረው እዚህ ነው። ቅዳሜ ከሰአት ሙሉውን ሀዲድ በአንዴ ነቅዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስገባ ረጅሙ ኮረብታ ወደ ግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ዘሟል። ለካ አሮጌው ሀዲድ ራሱ እግሮቹን በርዝመቱ አያይዞ የያዘ ነገር ነበር፣ እሱ ሲነሳ እያንዳንዱ እግር ብቻውን ቀረ። በክር ጎትተን ለመመለስ አራት ቀን ፈጀብን። እናንተ በክፍል ክፍል ስሩት፣ ሶስት ወይ አራት እግር ላይ ያለውን ብቻ አንሱ፣ በምትኩ ጊዜያዊ ቀጭን ጣውላ ከጎን ምቱበት፣ ብረቱ ከገባ በኋላ ጣውላውን አንሱና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ለሀዲዱ ብዙ አይነት ሽቦ ሞከርን። የተጠቀለለ ሽቦ አትግዙ፣ የቱንም ያህል ብታቃኑት ሞገድ ሞገድ ይልባችኋል፣ ኳሷም እያንዳንዷን ሞገድ ታገኛታለች። ጥሩ የሆነልን በያጆች የሚጠቀሙበት መዳብ የተቀባ የብረት ዘንግ ነው፣ 2.4 ሚሊ ውፍረት፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው፣ መዳቡ ደሞ ሊዱን፣ ቀልጦ ብረቱን የሚያያይዘውን ማለቴ ነው፣ ቶሎ ይቀበልላችኋል። ኳሷን ከሶማሌ ተራ ከተበላ ኩሽኔታ አውጡ፣ የተቧጨረች እንዳትሆን ብርሃን ላይ እያገላበጣችሁ እዩ፣ ትንሽ ጭረት ካለባት ሌላ ምረጡ።

ሁለቱ ዘንጎች ውስጥ ለውስጥ 9 ሚሊ ይራራቁ፣ ለ15 ሚሊ ኳስ ማለቴ ነው። ልኩን በአይን አትስሩት፣ አንዲት ቁራጭ እንጨት ላይ ሁለት ቦይ በመጋዝ ቆርጣችሁ ዘንጎቹን እዛ ውስጥ አስቀምጣችሁ ብየዱ፣ እንጨቷን እያንሸራተታችሁ ትሄዳላችሁ። ከስር የሚያያይዘውን አግዳሚ ቁራጭ ቀጥታው ላይ በየ6 ሳንቲም፣ መታጠፊያው ላይ በየ3 ሳንቲም አድርጉ። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ፣ ከዛ ብየዳ ቅባት፣ ከዛ 100 ዋት መበየጃ፣ የራዲዮ ሰሪዎቹ ትንሿ መበየጃ ይሄን ብረት አታሞቀውም። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆች ካሉ መነጽር አድርጉላቸው፣ ሊድ የነካ እጅ ሳይታጠብ ምግብ እንዳይነካ።

ዘንጉን ለማጠፍ ትልልቆቹ እንደሚያደርጉት ቆርጦ መበየድ ለኛ አይሆንም፣ ስለዚህ ቺፕውድ ላይ ሙሉውን የኮረብታ ቅርጽ በትክክለኛ መጠኑ ሳሉት፣ ዘንጉን ደሞ በወተት ጣሳ፣ በቀለም ቆርቆሮ፣ ባገኛችሁት ክብ ነገር ላይ እጠፉት። ብረት ወደ ነበረበት ትንሽ ይመለሳል፣ 20 ሳንቲም ክብ ከፈለጋችሁ 17 ወይ 18 በሆነ ነገር ላይ እጠፉ፣ እያመጣችሁ ከስእሉ ጋር አስተያዩ። መታጠፊያ ላይ የውጪው ዘንግ ከውስጡ ይረዝማል፣ ሁለቱን እኩል ቆርጣችሁ እንዳትጀምሩ።

ቅርጹ ላይ ደሞ ሂሳብ አለ፣ ይሄን ልጆቹ በጣም ነው የወደዱት። ኳሷ ኮረብታ አናት ላይ ተነስታ እንዳትበር፣ ከመነሻው ጫፍ እስከዛ ኮረብታ አናት ያለውን የከፍታ ልዩነት በ1.2 አባዙት፣ የአናቱ ክብ ሬዲየስ ከዛ ቁጥር ማነስ የለበትም። የኛ መነሻ 60 ሳንቲም፣ ሁለተኛው ኮረብታ 40 ነው፣ ልዩነቱ 20፣ ስለዚህ ሬዲየሱ ቢያንስ 24 ሳንቲም። እውነተኛው ባቡር ላይ የምታባዙት በ2 ነው፣ ኳስ ግን ጉልበቷን ከፊሉን ለመሽከርከር ስለምታውለው ነው ወደ 1.2 የሚወርደው። ከዛ ቁጥር በታች ሲሆን ትልቁ ሮለር ኮስተር ላይ ሰውዬው ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ያ ነው ሰው የሚሰለፍለት። ባቡሩ ራሱ የማይበረው ከሀዲዱ ስር የሚይዝ ጎማ ስላለው ነው፣ ይሄን ጎማ ጆን ሚለር የሚባል አሜሪካዊ በ1919 ነው ፓተንት ያስወጣበት፣ እስካሁን አብዛኞቹ የሚሄዱት በሱ ሀሳብ ነው።

እና እኛ ምን አደረግን፣ ሁለተኛውን ኮረብታ ሆን ብለን ወደ 15 ሳንቲም ሬዲየስ አጠበብነውና ከኳሷ በላይ ሶስተኛ ዘንግ ጨመርንበት፣ ከታች በሁለት ዘንግ ከላይ በአንድ ተይዛ እንድታልፍ። በኳሷና በላይኛው ዘንግ መሀል 1 ሚሊ ገደማ ክፍተት ተዉ፣ ከጠበበ ትያዛለች፣ ከሰፋ ትንኳኳና ፍጥነቷን ትጥላለች። ክፍተቱን ለመለካት አሮጌ ኤቲኤም ካርድ ከቱ፣ ልክ እሱ ካለፈ በቃ። ስትሄድ ስሟት፣ ታች ላይ ዝም ያለ ሹሹታ፣ አናቱ ላይ ስትደርስ ቲክ ብላ ላይኛውን ትነካለች፣ ከዛ መልሳ ትወርዳለች። ያቺ ቲክ እንጨቱ ላይ በፍጹም አትገኝም ነበር።

መታጠፊያው ላይ ደሞ ዘንበል ማድረጉን አትፍሩት። የእንጨቱ ሀዲድ 20 ዲግሪ ብቻ ነበር ያዘነበለው ምክንያቱም ሳንቃ ከዛ በላይ ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። አሁን መታጠፊያው ከመነሻው 30 ሳንቲም ዝቅ ይላል፣ 30ን በ1.2 ስታባዙት 36፣ የመታጠፊያው ሬዲየስ 18 ነው፣ 36 ለ18 ሁለት፣ የዚህ ታንጀንት ያለው ዲግሪ 63 ነው። መንገድ ላይ በሰበቃ የምታጣው ስላለ እኛ 55 ላይ አቆምነው፣ ኳሷ መሀል ለመሀል ነው የምታልፈው፣ አንዱን ዘንግ ብቻ አትደገፍም።

ሀዲዱን ከእንጨቱ ጋር የምታያይዙት በ1 ሳንቲም ስፋት በተቆረጠ ላሜራ ነው፣ አንድ ጫፉ ከአግዳሚው ቁራጭ ጋር ይበየዳል፣ ሌላው እግሩ ላይ በትንሽ ብሎን ይታሰራል። የደረቀ ጥድ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ብሎን ከማስገባታችሁ በፊት በቀጭን ትራፓኖ ብሱት። ላሜራው ላይ ያለውን ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ አድርጉት፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል ብረቱ ግን አያብጥም፣ ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ብሎኑ ትንሽ ይንሸራተትና ሀዲዱ ሳይጨነቅ ይቀራል፣ ክብ ከሆነ ግን ወይ ብየዳው ይለቃል ወይ እግሩ ይሰነጠቃል።

ስትሞክሩ ከላይ አትጀምሩ። ከመጨረሻው ክፍል ጀምራችሁ ኳሷን በየክፍሉ እየለቀቃችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ የት እንደምትንኳኳ ጣታችሁን እግሮቹ ላይ አድርጋችሁ ስሙ፣ የሚንቀጠቀጥ እግር ካለ ሰያፍ ይፈልጋል። እና ይሄ ሁሉ ለሞዴል ነው፣ ሰው የሚጫንበት ነገር፣ ለህጻን የጓሮ መንሸራተቻም ቢሆን፣ በዚህ አሰራር እንዳትሞክሩ፣ ያ መሀንዲስና የብየዳ ምርመራ ይፈልጋል።

ሀምሌና ነሐሴ ላይ ክፍሏ ስትረጥብ ብሎኖቹን ሩብ ዙር አላልተን እንተዋቸዋለን። መስከረም ላይ ፀሀይ ሲወጣ ደብተሩን አምጥተን 34ቱንም እግር እንደገና ቱንቢ እንጥልባቸዋለን፣ የተቀየረውን ቁጥር ካሮጌው ጎን እንጽፋለን፣ ከዛ ብሎኖቹን አጥብቀን ኳሷን እንለቃለን።