በአውሮፓ ዶክትሬት ለምትጀምሩ፦ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ "ተመራማሪ" መባሉን አረጋግጡ

በአውሮፓ ኅብረት አገር ዶክትሬት ልትጀምሩ ከሆነ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ከማመልከታችሁ በፊት በተማሪነት ሳይሆን በተመራማሪነት ማመልከት ይቻል እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ። ብዙ ሰው የተሰጠውን ቅጽ ዝም ብሎ ይሞላል።

ጉዳዩ የሚመጣው በኋላ ነው። ለምሳሌ ኅብረቱ በገንዘብ በሚደግፈው በማሪ ኩሪ የዶክትሬት መርሐ ግብር እስከ ሲሶ የሚሆነውን ጊዜ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኩባንያ ሄዶ መሥራት ይቻላል፤ ቦታው ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምንሄድ ሰዎች ደግሞ የአንዱ አገር መኖሪያ ፈቃድ ሌላው ዘንድ ለአጭር ጉብኝት እንጂ ለሥራ አይበቃም።

የተመራማሪ ፈቃድ ይህን ያቃልላል። የኅብረቱ 2016/801 መመሪያ ባለፈቃዱ ሌላ አባል አገር ሄዶ በማንኛውም 360 ቀን ውስጥ እስከ 180 ቀን ምርምሩን እንዲቀጥል ይፈቅዳል፤ ምርምር የሚያካሂድ የግል ድርጅትም ይካተታል። የተማሪ ፈቃድ የሚሰጠው የመንቀሳቀስ መብት ግን ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ገብቶ ለመማር ስለሆነ፣ ኩባንያ ለሚገባ ሰው አይረዳም።

አንዳንድ ተቀባይ አገሮች ስለ ጉዞው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ፤ ለመቃወምም 30 ቀን አላቸው። ስለዚህ ወረቀቱን ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ፣ እባካችሁ የአውሮፕላን ትኬት ቀድማችሁ አትቁረጡ።

የምትሄዱት ዴንማርክ ወይም አየርላንድ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ መመሪያው አይመለከታቸውም። ስዊዘርላንድና እንግሊዝም ከኅብረቱ ውጭ ስለሆኑ የራሳቸውን ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።