ከሁለት ምርጥ ፈረሶች ደካማ ውርንጭላ ሲወለድ፦ የማይንክራፍት ፈረስ እርባታ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ ፈረስ መግራትንና ወርቃማ ካሮት ማብላትን አስቀድሞ ለሚያውቅ ተጫዋች የተዘጋጀ ነው። የሚመለከተው ማይንክራፍት የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የጃቫ እትም ሲሆን፣ በመጨረሻው ክፍል ባዝራና ድንጉላ በእርግጥ ተለይተው ስለሚታወቁባቸው ጨዋታዎች ጥቂት ተጨምሯል። ሰዎች «ተበላሸብኝ» ብለው የሚያሳዩኝ እርባታ አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ችግር ስላለበት፣ ሌሎቹን ባጭሩ አልፌ እሱን በዝርዝር አስረዳለሁ።

ልቡ ይታያል፣ ውርንጭላ ግን የለም

ሁለቱም ፈረሶች ወርቃማውን ካሮት በልተው ቀያይ ልቦች ከራሳቸው በላይ ይወጣሉ፤ ነገር ግን አይቀራረቡም። ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ መቁሰሉ ነው፤ ፈረስ ጤናው ሙሉ ካልሆነ ቢበላም አይዳቀልም። ሰው የተቀመጠበት ፈረስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በድርቆሽ እስር አድኑት፣ ከጀርባው ውረዱ፣ ካሮቱን ከዚያ በኋላ ስጡ። ቀድሞ የወለደ ጥንድ ከሆነ ደግሞ 5 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው።

የወላጆቹ ፍጥነት ለውርንጭላው አልደረሰም

ዋናው ችግር ይህ ነው። አንድ ተጫዋች ፈጣን ያላቸውን ሁለት ፈረሶች ያዳቅላል፤ የተወለደው ሲያድግ ግን ከሁለቱም ይዘገያል። ባለቤቱም «ድንጉላው ጥሩ ነበር፣ ጥፋቱ የባዝራዋ ነው» ብሎ አንዷን ወደ ሜዳ ይለቅና ሌላ ፍለጋ ይወጣል። በማይንክራፍት ግን ፈረስ ጾታ የለውም። መጀመሪያ የበላው አባት፣ ቀጥሎ የበላው እናት አይደለም፤ በግራ መቆም፣ ቀድሞ መገራት ወይም ኮርቻ መጫን የሚለውጠው ነገር የለም። የሁለቱ ወላጆች ድርሻ በፍጥነትም፣ በዝላይም፣ በጤናም እኩል ነው። ሦስቱ ጠባዮች የሚሰሉትም ለየብቻቸው ስለሆነ፣ ፈጣን ውርንጭላ የማይዘል ሆኖ ቢወለድ ሊያስገርም አይገባም።

የመጀመሪያው ምክንያት የጨዋታው ስሪት ነው። ማርች 2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ1.19.4 በፊት ባሉት ስሪቶች ጨዋታው የሁለቱን ወላጆች ቁጥር ይወስድና፣ በዕጣ የወጣ የሦስተኛ ፈረስ ቁጥር ጨምሮ ለሦስት ያካፍላል። ይህ ሦስተኛ ፈረስ በሜዳ የለም፤ ነገር ግን የውርንጭላው አንድ ሦስተኛ የእሱ ነው። የፈረስ ፍጥነት ጨዋታው በውስጡ በሚይዘው ቁጥር ከ0.1125 እስከ 0.3375 ሲደርስ አማካዩ 0.225 ነው። ሁለት 0.30 የሆኑ ወላጆች ቢዳቀሉ፣ በዕጣ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 0.225 ስለሚጠጋ ውርንጭላው 0.275 አካባቢ ይወጣል። ስለዚህ በአሮጌው ስሪት ጥሩ ወላጆች ከእነሱ የሚያንስ ልጅ መውለዳቸው የስሌቱ ተፈጥሮ እንጂ ብልሽት አይደለም።

አንድ የማውቀው ልጅ 1.12.2 ላይ የተሠራ የሞድ ጥቅል (ጨዋታውን የሚለውጡ ተጨማሪዎች ስብስብ) እየተጫወተ፣ ስለ አዲሱ ስሪት የተሠራ የቪዲዮ መመሪያ ይከተል ነበር። ያንኑ ጥንድ ደጋግሞ እያዳቀለ ካሮቱን ጨረሰ፤ በረቱ በውርንጭላ ተሞላ፤ ከወላጆቹ የሚበልጥ ግን እምብዛም አላገኘም። ቪዲዮው አልዋሸም፤ የሚናገረው ስለ ሌላ ስሌት ነበር። የስሪቱን ቁጥር በመግቢያው ላይ የማይጠቅስ መመሪያ የፈረስ እርባታን አስተምራለሁ ባይል ይሻላል። ከማዳቀላችሁ በፊት በመነሻው ገጽ ጥግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ።

በ1.19.4ና ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ፈረስ ቀርቷል። አሁን ስሌቱ የሚነሣው ከወላጆቹ አማካይ ሲሆን፣ ውርንጭላው ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም በዕጣ ይርቃል። የሚርቅበት ስፋት በወላጆቹ መካከል ያለው ልዩነትና የጠቅላላው ክልል 30 በመቶ ድምር ነው፤ ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። ዕጣው ወደ መሐል ስለሚያደላ ዳር የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ከፍጥነት አንጻር ሁለቱም 0.30 የሆኑ ወላጆች ከ0.266 እስከ 0.334 ያለ ውርንጭላ ይሰጣሉ፤ ግማሾቹ ከወላጆቻቸው ይበልጣሉ።

ታዲያ በአዲሱ ስሪትም ሰዎች ለምን ይከስራሉ? የማይመጣጠን ጥንድ ስለሚያዳቅሉ ነው። ብዙው ተጫዋች አንድ ጀግና ፈረስ ይይዝና ከሜዳ ካገኘው ሁሉ ጋር ያዳቅለዋል፤ የጀግናው ደም ሌላውን ያነሣዋል ብሎ ያስባል። አያነሣውም። 0.32 የሆነ ፈረስ 0.20 ከሆነው ጋር ቢዳቀል አማካዩ 0.26 ነው፤ ከጀግናው የሚበልጥ ውርንጭላ የመወለድ ዕድሉ ሲሰላ ከ100 ከ3 በታች ነው። ያንኑ 0.32 ከ0.30 ጋር ብታዳቅሉት ግን ከ4 ውርንጭላ አንዱ ያህል ይበልጠዋል። ጀግናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጓደኛው ነው። አንድ ወዳጄ ይህን በወረቀት አስልቼ ካሳየሁት በኋላም «የእኔ ፈረስ ግን ደሙ ጠንካራ ነው» ብሎኝ ከሜዳ ፈረስ ጋር ማዳቀሉን ቀጠለ፤ የጀግናው ልጆች ዛሬም ሣር ተሸካሚዎች ናቸው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከሜዳ ብዙ ፈረሶች ሰብስቡና ሁሉንም ለኩ፤ ከመጀመሪያው ጋር እጅግ የሚቀራረበውን ሁለተኛ መርጣችሁ ሌሎቹን ከበረቱ አውጡ። የተወለደው ሲያድግ ለኩት፤ ከወላጆቹ ከደካማው የሚበልጥ ከሆነ እሱን በደካማው ቦታ ተኩት፣ ካልሆነ ሸኙት። አሮጌ ወላጅን በፍቅር ማስቀረት አማካዩን ወደ ታች መጎተት ነው። ልጅን ከወላጁ፣ ወንድምን ከእህቱ ማዳቀል ደግሞ በዚህ ጨዋታ አንዳች ቅጣት የለውም፤ ከእውነተኛው እርባታ ያመጣችሁትን ፍርሃት እዚህ አታስገቡት። በአሮጌው ስሪት ያላችሁ መንገዱ ያው ነው፤ ብዙ ውርንጭላና ብዙ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ጣሪያው አጠገብ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ይመጣል። ስሌቱ ከ0.3375 ያለፈውን ቁጥር ያለፈበትን ያህል ወደ ታች ይመልሰዋል። ስለዚህ ሁለት ፍጹም ወላጆች የሚወልዱት ሁሉ ከእነሱ ጥቂት ያንሳል። እዚያ ከደረሳችሁ ጥንዱን ጠብቁ፤ በልጆቻቸው አትተኳቸው።

መለኪያው ሲሳሳት

ከላይ ያለው ሁሉ የሚሠራው ፍጥነቱ በትክክል ከተለካ ብቻ ነው፤ «ሲጋልብ ይታየኛል» መለኪያ አይደለም። ትእዛዝ መጻፍ የተፈቀደበት ዓለም ከሆነ የአትሪቢዩት ትእዛዝ የማንኛውንም ፈረስ ቁጥር ያወጣል፤ ያላደገ ውርንጭላ ሳይቀር። ካልተፈቀደ የ300 ብሎክ ቀጥ ያለ ሜዳ አዘጋጁ። በጣም ፈጣኑ ፈረስ በ21 ሰከንድ፣ 0.30 የሆነው በ24 ሰከንድ ገደማ፣ አማካዩ ደግሞ በ32 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። በ100 ብሎክ ሜዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድ እንኳ ስለማይሞላ በእጅ ሰዓት አይያዝም። ከመነሻው መስመር ቀደም ብላችሁ ተነሡ። ሰርቨሩ ሲንቀራፈፍ የተለካ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ያንኑ ፈረስ ሁለቴ ለክታችሁ ውጤቱ ከተለያየ ሰርቨሩ ሲረጋጋ ድገሙት።

ዝላይ በሚለካበት ጊዜ የዝላይ ቁልፉን ከሚገባው በላይ አዝልቆ መያዝ ኃይሉን ይቀንሳል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው የዝላይ አሞሌ ልክ እንደሞላ ልቀቁ። ጤና ግን ቀላል ነው፤ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ልቦቹን መቁጠር ይበቃል፤ ከ7 ተኩል እስከ 15 ይደርሳሉ።

ቀለሙ ያልተጠበቀ ሆነ

ውርንጭላው ከ9 ዕድል በ4ቱ የአንዱን ወላጅ፣ በ4ቱ የሌላውን ቀለም ይወርሳል፤ የቀረው አንድ ዕጣ ነው። በሰውነቱ ላይ ያለው ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ለብቻው ከ5 ዕድል በ2ቱ ከአንዱ፣ በ2ቱ ከሌላው፣ በአንዱ ደግሞ በዕጣ ይወሰናል። ስለዚህ በቀለምም በምልክትም አንድ የሆኑ ወላጆች ቢኖሯችሁ እንኳ ከ4 ውርንጭላ አንዱ ያህል ሌላ መልክ ይዞ ይወለዳል። ቀለም ስለ ፍጥነት የሚናገረው ነገር የለም። ነጭ ፈረስን «ፈጣን ዘር» እያለ በአልማዝ የሚሸጥ ሰው በየሰርቨሩ አይጠፋም፤ ሳትለኩ አትግዙ።

በቅሎዋ ቀርፋፋ ሆነች

በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ የአህያው ቁጥር ግን እዚህም ይቆጠራል። በሜዳ የሚገኝ አህያ ሁሉ ፍጥነቱ 0.175 ነው፤ ስለዚህ የፈጣን ፈረስ በቅሎ አብዛኛውን ጊዜ ከፈረሱ ትዘገያለች። በቅሎ አትወልድምና በቀጣዩ ትውልድ ማስተካከል አይቻልም። በቅሎን ለጭነት እንጂ ለሩጫ አታዳቅሉ።

ባዝራና ድንጉላ በተለዩበት ጨዋታ

እንደ ሆርስ ሪያሊቲ ያሉ፣ የቀለም ውርስን ከእውነተኛው የፈረስ ጀነቲክስ የሚቀዱ ጨዋታዎች ሌላ ቅሬታ ያመጣሉ፦ ባዝራዋም ድንጉላውም ጥቁር ሆነው ሳለ፣ ጋማው ሳይቀር ቀይ የሆነ ውርንጭላ ይወለዳል። ምክንያቱ ሁለቱም ቀዩን ጂን በስውር መሸከማቸው ነው፤ እንዲህ ካለ ጥንድ ከ4 ውርንጭላ አንዱ ቀይ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። በተቃራኒው ከሁለት ቀያዮች ጥቁር አይወለድም፤ መደጋገሙም አይጠቅምም። ከጊዜ ጋር እየነጣ የሚሄደው ግራጫ ደግሞ ቢያንስ አንድ ግራጫ ወላጅ ይፈልጋል።

እዚህም ቢሆን ለቀለም ባዝራዋ አንድ የጂን ቅጂ፣ ድንጉላው አንድ የጂን ቅጂ ይሰጣሉ፤ የሚበልጥ የለም። የሚለያዩት በጊዜ ነው። ባዝራ 11 ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትወልዳለች፤ ድንጉላ ግን በዚያው ወቅት ብዙ ባዝራዎችን ሊያጠቃ ስለሚችል፣ ስውር ጉድለቱ በአንድ ዓመት በመንጋው ውስጥ በሰፊው ሊሰራጭ ይችላል። ስለዚህ የጂን ምርመራ ገንዘባችሁ የሚበቃው ለአንድ ፈረስ ከሆነ ድንጉላውን አስመርምሩ።

በተለይ ፍሬም የሚባለውን፣ በጎንና በፊት ላይ ሰፊ ነጭ የሚያወጣውን ጂን ተጠንቀቁ። ሁለት ተሸካሚዎች ከተዳቀሉ ከ4 ውርንጭላ አንዱ ሁለቱንም ቅጂ ወርሶ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ አንጀቱ ስለማይሠራም ይሞታል። መልኩ ላይ ምንም ያህል ሳይታይበት ጂኑን የተሸከመ ፈረስ ስላለ፣ አንዱ ወላጅ ተሸካሚ ከሆነ ሌላው ተመርምሮ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አታዳቅሏቸው።