ሽቦው የሚንተባተብ ሚግ ማሽን እንዴት ይስተካከላል

ርካሽ ሚግ ማሽን፣ ማለትም ሽቦ እየገፋ የሚበይድ ማሽን፣ የገዛ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ብየዳው ደህና እየሄደ ሽቦው ይቆማል፣ ወዲያው ተወርውሮ ብረቱን ይወጋል። ወይም ቲፑ (ሽቦው የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ጫፍ) ላይ ቀልጦ ይጣበቃል። ያኔ የሁላችንም እጅ የሚሄደው ሮለሩን (ሽቦውን ይዞ የሚገፋውን መንኮራኩር) የሚያጠብቀው ብሎን ላይ ነው።

እኔም አጠበቅኩት። ሲብስበት ደግሞ ጨመርኩ። በመጨረሻ ክዳኑን ስከፍት ሽቦው ሮለሩ አጠገብ እንደ ወፍ ጎጆ ተጠቅልሏል፣ ከስሩ የብረት ብናኝ ተከምሯል። ሽቦው ተጨፍልቆ ክብነቱን አጥቷል፤ የተፋቀው ብናኝ ደግሞ ላይነሩን (ሽቦው በገመዱ ውስጥ የሚያልፍበትን ቱቦ) ደፍኖታል። ለካ ሽቦውን መንገድ ላይ የያዘው ነገር ነበር። ስለዚህ ብሎኑን ለመጨረሻ እናቆየው።

ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። ቲፑን ፍቱና በሽቦው ልክ አዲስ እሰሩ። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ አትሟገቱት፣ ጣሉት።

ቀጥሎ የሽቦው ጥቅል። ሮለሩን አንስታችሁ ሽቦውን በእጅ ሳቡት። ጥቅሉ በቀላሉ መዞር፣ መሳብ ስታቆሙ ደግሞ ወዲያው መቆም አለበት። እጃችሁን ከያዘ የመሃሉን ዳዶ አላሉት። ከመጠን በላይ ከላላ ግን ጥቅሉ በራሱ እየዞረ ሽቦውን ይበትነዋል። የዛገ ሽቦም አትቆጥቡ፤ ዝገቱ የሚራገፈው ላይነሩ ውስጥ ነው።

ሮለሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦይ አለው፣ ለ0.6 እና ለ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ። ጎኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ሽቦው የተቀመጠበትን ቦይ በዓይናችሁ እዩ። ጥርስ ያለው ሮለር ውስጡ ዱቄት ላለው ሽቦ ነው፤ ተራውን የብረት ሽቦ ይፍቀዋል።

አሁን እኔን ብዙ ቀን ያስለፋኝ ነገር፦ ላይነሩ። ኖዝሉን (ቲፑን የሚከበውን ሽፋን) እና ቲፑን ፍቱ፣ ሽቦውን አውጡ፣ የቶርቹን (በእጅ የሚያዘውን መበየጃ) ገመድ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። ከተጠማዘዘ ልኩ ይሳሳታል። አሮጌውን ሳቡና አዲሱን በማሽኑ በኩል ቀስ እያላችሁ አስገቡ። በማሽኑ በኩል ካሰራችሁት በኋላ ነው ትርፉ የሚቆረጠው። ካጠረ ከቲፑ ጀርባ ክፍተት ይቀርና ሽቦው እዚያ ይጋጫል። ከረዘመ ደግሞ ሲታሰር ውስጡ ይጠማዘዛል። እኔ የመጀመሪያውን አሳጥሬ ቆርጬ ሌላ ገዛሁ። ስለዚህ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ በሞረድ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ፒንሳ ሲቆርጠው ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያን ሹል ነገር በቀጭን መርፌ ካላስተካከላችሁት አዲሱ ላይነር ከአሮጌው ይብሳል።

በማሽኑ በኩል ደግሞ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተመልከቱ። መግቢያው፣ የሮለሩ ቦይና መውጫው በአንድ መስመር ላይ ናቸው? የእኔ ቦዩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሽቦው ሲወጣ እየታጠፈ ነበር። ከሮለሩ ጀርባ አንድ ቀጭን ሮንዴላ ጨመርኩ፣ አለቀ። መውጫው ቱቦም ሮለሩን ሳይነካ የሚቻለውን ያህል ይጠጋ። የወፍ ጎጆው የሚፈለፈለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ብሎኑ። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ የሚበየደው ብረት ላይ የሚታሰረውን የማሽኑን መቆንጠጫ ከብረት አርቁ፣ ማሽኑንም መልሳችሁ ሶኬት ላይ ሰኩ። ቶርቹን ከደረቅ እንጨት ጥቂት ሴንቲሜትር አርቃችሁ ሽቦውን ልቀቁ። ሮለሩ እስኪንሸራተት አላሉ፣ ከዚያ ሽቦው እንጨቱን ገፍቶ እየታጠፈ መውጣቱን እስኪቀጥል ብቻ አጥብቁ። ሽቦው ድንገት ቢያዝ ሮለሩ ቢንሸራተት ይሻላል፣ ጎጆ ከሚሠራ።

ሽቦው ላይ ዘይት የሚቀቡ አሉ። አትቀቡ፤ ብየዳው ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ ያበዛል፣ ላይነሩ ውስጥም አቧራ ይይዛል። ደረቅ ጨርቅ በልብስ መቆንጠጫ ከሮለሩ በፊት ሽቦው ላይ ማሰር ግን ጥሩ ነው።

አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ላይ ሞተሩ የሚሠራው ከብየዳው ትራንስፎርመር በሚመጣ ኃይል ነው፤ ብልጭታው ሲነሳ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለዚህ ለሞተሩ የራሱን ኃይል የሚያስገቡለት አሉ፣ ሥራው ግን ኤሌክትሪክ ለሚያውቅ ነው። እኔ ጋ ላይነሩና ሮንዴላው በቂ ሆነዋል። አሁን ጥቅል በቀየርኩ ቁጥር ላይነሩን በኮምፕረሰር እነፋዋለሁ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ጥቁር ብናኝ ይወጣል።