አስም ኖሮባችሁ ፕሬድኒሶሎን ለምትወስዱ፣ አጥንታችሁንም አስቡ

ፕሬድኒሶሎን በኪኒን ከ3 ወር በላይ የምትወስዱ ካላችሁ እባካችሁ ስለ አጥንታችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ አጥንት የሚሰሩትን ሴሎች ያዳክማል፣ ካልሲየምም ከአንጀት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፣ ደግሞ አጥንቱ በፍጥነት የሚሳሳው በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ስለሆነ ዓመት እስኪሞላ አትጠብቁ። በቀን 2.5 ሚሊግራም እንኳን ይቆጠራል። አስም በተነሳ ቁጥር ለ5 ቀን ለ7 ቀን እየተባለ የሚሰጠውም ሲደጋገም ይደማመራል፣ ስለዚህ ቀኑንና ሚሊግራሙን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ ሐኪም ሲጠይቅ ብዙ ሰው አያስታውስም።

ዴክሳ የሚባል የአጥንት ጥንካሬ የሚለካ ራጅ አለ፣ ጋደም ብላችሁ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ አያምም። ቁመታችሁ ካጠረ ወይ ጀርባችሁን ድንገት ካመማችሁ ዝም አትበሉ፣ የአከርካሪ አጥንት ሳይታወቅ ሊሰበር ይችላል።

ብቻ ይሄን ሰምታችሁ ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ!! ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል (ከፕሬድኒሶሎን ጋር የሚመሳሰል፣ ሰውነት የሚያስፈልገው ሆርሞን) ማምረት ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። በየቀኑ የሚሳበው የመከላከያ ኢንሄለር (ሲያፍናችሁ ብቻ የምትስቡት ሳይሆን) ግን ለአጥንት ከኪኒኑ በጣም ይሻላል፣ እሱን በየቀኑ በትክክል ከወሰዳችሁ ኪኒን የሚያስፈልጋችሁ ጊዜ ራሱ ይቀንሳል።