ላፕቶፕ ከመቀየራችሁ በፊት ኪቦርዱን እንዲህ ፈትሹ

ጅማ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚማር፣ የሚነግድ፣ ሂሳብ የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። ኪቦርዱ እምቢ ሲል ግን ብዙዎቹ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣሉ። ተበድረው ሌላ የገዙም አውቃለሁ። እባካችሁ አትቸኩሉ። ኪቦርድ ለብቻው የሚቀየር ዕቃ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ መቀየርም አያስፈልገውም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ከሰው የዩኤስቢ ኪቦርድ ተዋሱና ሰኩ። በእሱም ችግሩ ያው ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ነው። በእሱ በደንብ ከጻፈ ጥፋቱ የላፕቶፑ ኪቦርድ ሊሆን ይችላል። ፓስወርድ ማስገባት ካቃታችሁ መግቢያው ስክሪን ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል ባለው ምልክት፣ በማውዝ የሚጻፍበት ኪቦርድ ይወጣል።

ከዚያ ቀላል ቀላሉን ጨርሱ። ፊደል ስትጫኑ ቁጥር ከጻፈ ኑም ሎክ በርቷል። ቁልፉን ረጅም ካልያዛችሁት የማይጽፍ ከሆነ ፊልተር ኪስ የሚባለው፣ ነካ ብቻ የተደረገን ቁልፍ የሚያልፈው የዊንዶውስ ማስተካከያ በርቶ ይሆናል። በቀኝ ያለውን ሺፍት 8 ሰከንድ ይዛችሁ አጥፉት። @ ስትሉ የጥቅስ ምልክት ከመጣ ዊንዶውሱ በእንግሊዝ አገር አደራደር ተቀምጧል፤ ከቋንቋ ማስተካከያው ወደ አሜሪካው ቀይሩት። የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ክፍት ረስታችሁ «ኪቦርዱ አበደ» ማለትም አለ። ዝጉትና ቋንቋውን ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብራችሁ ተጫኑ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ይህን ሳያይ «ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁን ጠጋኝ አትስሙ። ፎርማት የተቆረጠ ገመድ አይቀጥልም። ፋይላችሁን ግን ሊያጠፋባችሁ ይችላል።

ከመክፈታችሁ በፊት

ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ከጎን እዩት። ኪቦርዱ መሐሉ ላይ ካበጠ ወይም የጣት መዳሰሻው አልጫን ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት። ባትሪውን የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ ከተጣበቀ አቧራ ወይም ፍርፋሪ ሊሆን ይችላል። አጥፍታችሁ ገልብጡት፣ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።

ቡና ከፈሰሰበት

ከተማችን ጅማ ናት፤ ይህ ለብቻው ሊነገር ይገባል። ቡናው እንደፈሰሰ ፋይል ሴቭ ላድርግ አትበሉ። የማብሪያውን ቁልፍ ይዛችሁ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ከዚያ እንደ ጎጆ ጣሪያ ከፍታችሁ ድፉት። ሩዝ ውስጥ መቅበር አይጠቅምም። ፀጉር ማድረቂያና የከሰል ምድጃ ፕላስቲኩን ያጣምማሉ። ክረምት ላይ የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። በእኔ አስተያየት ሁለት ቀን ሙሉ ሳይበራ ይቆይ።

ውሃ ብቻ ቢሆን ደርቆ ሊሄድ ይችላል። ስኳር ግን ይቀራል፣ ቁልፉንም ያጣብቃል። ጨው ያለበት ቡና ይብሳል፤ ውስጡን ያዝገዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስኳር በንጹሕ አልኮል አለመሟሟቱ ነው። የሚያሟሟው ውሃ ነው። ስለዚህ ለቁልፎቹ ዙሪያ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይሻላል፤ ውሃም አለበትና። የጆሮ ጥጥ በትንሹ አርጥባችሁ ጥረጉ። አልኮሉን በቀጥታ ኪቦርዱ ላይ አታፍስሱ።

ጠፍጣፋው ገመድ

ብዙ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ከሞቱ፣ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ፣ ቶሎ ወደዚህ ኑ። ቁልፎቹ የተያያዙት በረድፍና በዓምድ ነው። አንድ መስመር ሲቋረጥ በእሱ ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። መስመሮቹን ወደ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ወደ ላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ፣ የሚወስደው ቀጭን ጠፍጣፋ ገመድ ነው። አንዳንዴ ችግሩ እሱ ትንሽ መላቀቁ ብቻ ነው።

ቻርጀሩን ንቀሉ። ትንሽ ባለመስቀል ካቻቪቴ ያዙ። ብሎኖቹ እኩል ቁመት የላቸውም። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ የላይኛውን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል። ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሣሉና ብሎኑን ሁሉ በየቦታው አስቀምጡ። የጀርባውን ክዳን በቢላ አትፈልቅቁ። ያረጀ የኤቲኤም ካርድ ይበቃል። እንደተከፈተ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት አላቁ።

አሁን ገመዱ የገባበትን ሶኬት በስልክ መብራት እዩት። ገመዱን አትጎትቱት። ሶኬቱ ላይ ገመዱን ቆልፎ የሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነ ዘንግ አለ። ዘንጉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጥፍር ወደ ላይ ይነሳል። ሁለተኛው ከሁለቱ ጫፍ ወደ ገመዱ በኩል ጥቂት ይንሸራተታል። የቱ እንደሆነ ሳታውቁ ኃይል አትጠቀሙ። ዘንጉ የተሰበረበት ላፕቶፕ አይቻለሁ። አዲስ ኪቦርድ ቢገዛለትም ገመዱን የሚይዝለት ነገር አልነበረም።

ዘንጉ ሲለቅ ገመዱ በቀላሉ ይወጣል። ጫፉን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ ይድረቅ፣ መልሱት። ገመዱ ላይ ነጭ መስመር ካለ ከሶኬቱ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ትንሽ ከተንሻፈፈ አይሠራም። ዘንጉን ዝጉ፣ ክዳኑን ሳታጠብቁ ባትሪውን መልሳችሁ ሞክሩ።

መቀየር ካለበት

የሚገዛው በላፕቶፑ ስም ብቻ አይደለም። ኪቦርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥርና የገመዱን ቦታ ፎቶ አንሱ። መብራት ያለው ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቀጭን ገመድ አለው፤ ተመሳሳይ ሞዴል ሆኖ መብራት የሌለውም አለ። ጅማ መርካቶ ካጣችሁ ከአዲስ አበባ ለሚያመጣላችሁ ሰው ፎቶውን ላኩ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ኪቦርዱ በብዙ ትንንሽ ፕላስቲክ ከላይኛው አካል ጋር ይጣበቃል። እሱን ለባለሙያ ስጡ፣ ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ትክክለኛው አዲስ ኪቦርድ ገብቶም ካልሠራ ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክታችሁ ሥራችሁን መቀጠል ትችላላችሁ።