ያረጀ የሕክምና መቀስን ለእጅ ሥራ እንዴት እንደሚያውሉት

የጥልፍ ክርን ከጨርቁ ሥር አስጠግቶ ለመቁረጥ በተራ መቀስ የታገለ ሰው፣ ለዓይን ሕክምና የተሠራ መቀስ እጁ ሲገባ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስለቱ አጭር፣ ጫፉ የሾለ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለሕክምና አይሆንም ተብሎ ቢወገድ እንኳ ለክር፣ ለወረቀትና ለቅጠል ገና ብዙ ዕድሜ አለው።

በመጀመሪያ መቀሱ ከየት እንደመጣ ይወቁ። ከሕክምና ቆሻሻ ውስጥ የተነሣ መሣሪያ ፈጽሞ አይነካም። ከሁሉም የሚሻለው ማሸጊያው ሳይከፈት የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ነው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ በሚገባ አጽድቶ በወጉ ያስወገደው መሆን አለበት።

ቀጥሎ እጥበቱ ይመጣል፤ ወፍራም የጎማ ጓንት ያድርጉ። መቀሱን እስከ መጨረሻው ከፍተው ለብ ባለ የሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይሹት፤ በተለይ መጋጠሚያውን። ቆሻሻ ሳይለቅ ማፍላትም ሆነ አልኮል መቀባት ብዙ አይጠቅምም፤ ጀርሙ ከቆሻሻው ሥር ይደበቃልና። ከታጠበ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያፍሉትና ወዲያው ያድርቁት። ማፍላት ሁሉንም ዓይነት ጀርም ስለማይገድል ይህ መቀስ ከእንግዲህ ለቁስል፣ ለጥፍርም ሆነ ለምግብ አይውልም። በረኪና ግን አይጠቀሙ። እኔ አንድ ግሩም መቀስ በበረኪና ውኃ ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ ጠዋት ሳወጣው መጋጠሚያው ዙሪያውን በጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች ተበልቶ አገኘሁት። የማይዝግ የሚባለው ብረትም ቢሆን ክሎሪንን አይችልም።

አሁን ይመርምሩት። መቀሱን ዘግተው በጎኑ ወደ ብርሃን ይያዙት። ጤነኛ ከሆነ ሁለቱ ስለቶች የሚነካኩት በመጋጠሚያውና በጫፋቸው ብቻ ነው፤ በመካከላቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ያልፋል። መቀስ የሚቆርጠው ይህች ጥቂት ጉብጠት ስላለችው ነው፤ ሲዘጋ ስለቶቹ የሚገናኙባት ነጥብ ከመጋጠሚያው ተነሥታ እስከ ጫፉ ትጓዛለች። ከላላ ብሎኑን በጥቂቱ ያጥብቁት። ከዚያ እርጥብ ሶፍት በጫፉ ይቁረጡ። ወረቀቱ ከተቀደደ ወይም በስለቶቹ መካከል ከታጠፈ መሳል ያስፈልገዋል።

አሳሳሉ ላይ አይቸኩሉ፤ ብዙ ጥሩ መቀስ የሚበላሸው እዚህ ነው። የውስጠኛውን ገጽ በምንም ምክንያት አይሳሉ፤ ያ ጉብጠት ከጠፋ መቀሱ ዳግም አይቆርጥም። የሚሳለው በውጭ በኩል ያለው ዘቅዛቃ ጠርዝ ብቻ ነው። ያንን ጠርዝ በማርከር ያጥቁሩትና በ1000 ቁጥር የመሳያ ድንጋይ ላይ ከመጋጠሚያው ወደ ጫፉ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይጎትቱት። ከዚያ ቀለሙን ይመልከቱ። ከጠርዙ አፍ ላይ ካልለቀቀ ስለቱን በጣም አስተኝተውታል፤ ከበስተ ኋላ ብቻ ከቀረ ደግሞ ከልክ በላይ አቁመውታል። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲጠፋ ልኩን አገኙት ማለት ነው። ሲጨርሱ መቀሱን ቀስ አድርገው ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉት፤ በጠርዙ ላይ የቀረው ሻካራ ፍቅፋቂ ይወልቃል። አንደኛው ስለት ጥቃቅን ጥርስ ካለው ጥርሳሙን አይንኩት። የጣት ቀለበታቸው ወርቃማ የሆኑት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዛቸው ላይ እጅግ ጠንካራ የተንግስተን ካርባይድ ስለተገጠመላቸው ተራ ድንጋይ አይበግራቸውም፤ የአልማዝ መሳያ ይጠይቃሉ።

በመጨረሻ መጋጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያድርጉ። የምግብ ዘይት ግን ውሎ አድሮ ይወፍራል፣ ይጣበቃል።

ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ቅርጹ ራሱ ይናገራል። የቁስል ስፌት ማውጫ መቀስ በአንደኛው ስለቱ ጫፍ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ አለው። ለስፌት መፍቻ ከዚህ የተሻለ አላየሁም፦ ጎድጓዳውን ከክሩ ሥር ያስገቡታል፣ ክሩ ተይዞ ይቀራል፣ ጨርቁ ሳይነካ ክሩ ብቻ ይቆረጣል። ፋሻ መቁረጫው ጎበጥ ያለ አንገት አለው፤ የታችኛው ስለት ጫፍም ድቡልቡልና ጠፍጣፋ ነው። ቆዳ እንዳይወጋ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ በሁለት ድርብ ጨርቅ መካከል ገብቶ የላይኛውን ብቻ ለመቁረጥ ምቹ ነው። እጀታው ረጅም፣ ስለቱ አጭር የሆነው በጠርሙስ ውስጥ የተተከሉ ትናንሽ ተክሎችን ለመከርከም ያገለግላል። ፀጉር አስተካካዮች ፀጉር የሚያሳሱበት ጥርሳም መቀስ ደግሞ ከሱፍ ክር የተሠራ የአሻንጉሊት ፀጉር ጫፉ እንደ መጥረጊያ እንዳይቆም ያለሰልሳል።

በቀጭኑ መቀስ ሽቦ አይቁረጡ፤ በአንድ ቆረጣ ጠርዙ ይሸረፋል። ለወረቀት ያዋሉትንም ለጨርቅ አያድርጉት፤ ወረቀት ውስጥ ያለው የሸክላና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ስለት ያደነዝዛል። እጀታው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ይቀቡት፤ አንድ ቀን ቤተሰብ ውስጥ የተጎዳ ሰው ሲኖር ማንም ተሳስቶ ለቁስል እንዳያነሣው። ሹሉን ጫፍ ደግሞ በአንድ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ ሸፍነው ያስቀምጡት።